ክንፍ እያላት በእግሯ የምትሸሽ ወፍ

ሰው ሲመጣባት አትነሳም። ላም ስትቀርባት፣ ውሻ ሲያነፈንፋት፣ ዶፍ ዝናብ ሲወርድባት ክንፏን አትዘረጋም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ በቄጤማው ሥር እንደ አይጥ ትሽሎከለካለች። ከመንቆሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ናት፤ የምትደበቅበት ሣር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት አይበልጥም። ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነስቶ ማታ በሚመለሱበት ርቀት ላይ፣ በዓለም ከቀሩት ወፎች እጅግ ብርቅ ከሚባሉት አንዷ በየክረምቱ ጎጆ ትሠራለች። አብዛኞቻችን ግን ስሟን እንኳ አልሰማንም።

የወፍ ተመልካቾች ባጭሩ «ፍላፍቴይል» ይሏታል። ሙሉ ስሟ ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል፣ የሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ ነው። ዘመዶቿ የውሃ ዶሮ የምንላቸውና መሰሎቻቸው ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1877 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት በደቡብ አፍሪካ፣ በፖቸፍስትሩም አካባቢ ከተሰበሰበ ናሙና ተነስቶ ሲሆን፣ ስሟም የሰብሳቢው የቶማስ አይረስ መታሰቢያ ነው። ወንዱ ራሱና አንገቱ ደማቅ ዳማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው በጥቁር ላይ ነጫጭ ጭረት የጣለበት፣ ጅራቱ ዳማና ጥቁር እየተፈራረቀ የተቀለመ ነው። ሴቷ ደብዘዝ ያለች ዥንጉርጉር ናት። መለያዋ የሆነው ነጭ ቀለም ያለው በክንፏ የኋላ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ክንፏን ካልዘረጋች አይታይም። ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው፤ የምትለየው ስትበር ነው፣ እሷ ደግሞ መብረር አትወድም።

ጎልማሳ ሆነው ለመራባት የደረሱት ቁጥር በዓለም ከ250 እንደማይበልጥ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተመድባለች። ከመጥፋት አንድ ደረጃ ወዲህ ማለት ነው። በርግጠኝነት የምትገኘው በሁለት አገሮች ብቻ ነው፤ አንዱ ኢትዮጵያ፣ ሌላው ደቡብ አፍሪካ። በመካከላቸው በዛምቢያና በዚምባብዌ አልፎ አልፎ ታይታለች፤ ከዚያ ሌላ ያለው ባዶ ካርታ ነው። በአራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት የረግረግ ቁራጮች፣ በሁለቱም ዳር አንድ ዓይነት ጥቂት ወፎች።

በእኛ አገር ቀድመው ከታወቁት ቤቶቿ አንዱ ሱሉልታ ነበር። ከእንጦጦ ጀርባ፣ የጎጃም መንገድ ሰንጥቆት የሚያልፈው ያ ሰፊ ሜዳ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የነበሩ ተመልካቾች እዚያ አግኝተዋታል። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ወሬዋ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች ክረምቱን ጠብቀው ሱሉልታ ሲወርዱ ግን እዚያው ነበረች። መጥፋቷ በከፊል የእኛው የጊዜ አመራረጥ ያመጣው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ወፍ ለማየት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው። የአስጎብኚ ድርጅቶች መርሐ ግብርም በዚያው ልክ የተሰፋ ነው። እሷ ደግሞ የምትመጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ መስከረም ሲያልቅ የለችም። የምትኖርበት ወቅት ቱሪስትም አስጎብኚም ጃንጥላውን አጥፎ ቤቱ የሚቀመጥበት ነው።

ከሱሉልታ ቀጥሎ ስሟ የገነነው በርጋ ነው። በአምቦ መንገድ ሆለታን አልፎ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ካሰቧት ከአዲስ ዓለም በስተሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ የወንዝ ዳር ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በበጋ የሄደ ሰው የሚያየው ተራ የከብት ግጦሽ ነው፤ የተሰነጠቀ መረሬ አፈር፣ የተበላ ሣር፣ በዳር በዳሩ ባሕር ዛፍ። «ረግረጉ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ የበርጋ ወንዝ ከአልጋው ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ከሥር ተኝቶ የከረመው ቄጤማና እንግጫ በሳምንታት ውስጥ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወፏ እዚህ እንደምትራባ የታወቀው፣ ጎጆዋም የተጠናው በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ወፏ የምትፈልገው ውሃ ብዙ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት የሚያርስ ያህል ይበቃታል። ጥልቅ ከሆነ አትራመድበትም፤ ከደረቀ ቀበሮና ውሻ ይገቡበታል። ሣሩም ልክ አለው። በጣም ካጠረ አይሸሽጋትም፤ በጣም ከጠነከረና ከተጠላለፈ ደግሞ መሮጫ ያሳጣታል። እንዲህ ያለው ልከኛ ሁኔታ በርጋ ላይ የሚቆየው ሁለት ወር ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተጋብታ፣ ከውሃው ጥቂት ከፍ ባለ የቄጤማ ጉቶ ላይ ጎጆ ቀልሳ፣ አናቱን በራሱ በሣሩ ጫፍ ሸፍና፣ አራት አምስት እንቁላል ጥላ፣ ፈልፍላ፣ ጫጩቶቿን ማድረስ አለባት። አንድ የከብት መንጋ ነሐሴ ላይ ለአንድ ቀን ቢለቀቅበት ያ ሁሉ ልፋት ከሰኮና በታች ይቀራል።

ይህንን የአካባቢው ገበሬዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው አንጋፋ ማኅበር፣ ወደ በርጋ ሲሄድ ያነጋገረውም እነሱን ነው። ከነዋሪው የተውጣጣ የወፍ ወዳጆች ቡድን ተቋቋመ። ስምምነቱም ቀላል ነበር፤ ወፏ በምትራባባቸው ሳምንታት ከብት ወደ እርጥቡ እምብርት አይገባም፤ ሣሩ ከደረሰ በኋላ ግን ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ይሸጣል። የደቡብ አፍሪካው ሚድልፑንት ትረስት፣ በዚያ ዳር ያለችውን ይህችኑ ወፍ ለመጠበቅ የተቋቋመ ድርጅት፣ ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ አገዘ። አንዳንድ ሰው «ለወፍ ሲባል ነው እንጂ ለሰው አይደለም» ብሎ ሲያጥላላ ሰምቻለሁ። ለወፍ ሲባል ቢሆንስ? ትምህርት ቤቱ ቆሟል፤ ልጆቹም ይማሩበታል።

ወደ በርጋ የወረድንበት ጠዋት ካፊያ ነበር። ከመኪናው ወርዶ የመጀመሪያው መቶ ሜትር ላይ ቦት ጫማ ያላደረገ ሰው ይለያል፤ መረሬው ጫማውን ይዞ ያስቀርበታል። ከሜዳው ዳር አንድ ጉብታ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸው ላይ ላስቲክ ደርበው የቆሙ አዛውንት ነበሩ። ከብት እንዳይገባ የሚጠብቁ ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ወፏ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እርስዎ አይተዋት ያውቃሉ?»

«ምነው ልጄ፣ እዚህ ተወልጄ! ጥጃ ስመልስ ነው ያየኋት። ከእግሩ ሥር ብድግ አለችና እዚያች ድረስ። በቃ።»

በዱላቸው ያመለከቱኝ ቦታ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። ከዚያ ከወዴት እንደገባች ስጠይቃቸው ሳቁ። «ገባቻ! እሷ ከገባች ማን ያወጣታል?»

ከእኛ ጋር ከነበሩት አንዱ ብዙም ሳይቆይ «ያቻት!» ብሎ አምባረቀ። ከቄጤማው ዳር ቡናማ ወፍ ወጥታ፣ ጅራቷን ወደ ላይ እየሰበቀች፣ ከሥሩ ያለውን ነጭ ላባ እያሳየች፣ ሰው መኖሩን ከምንም ሳትቆጥር ትል ትለቅማለች። ይህቺ ሩዤ ሬይል የምትባለው፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኝ ወፍ ናት። የፍላፍቴይል የሩቅ ዘመድ ናት፤ በጠባይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። መጠኗ ትልቅ ነው፤ ነጩ ቀለም ያለው ክንፏ ላይ ሳይሆን ጅራቷ ሥር ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አትደበቅም። ፍላፍቴይል ፈልጎ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ይህቺን አይቶ ነው። በኔ አስተያየት ይህም ቢሆን ሲሳይ ነው። እሷን ለማየት ብቻ ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉና።

ሌላዋ አሳሳች ድርጭት ናት። ድርጭትም ከእግር ሥር ድንገት ትፈነዳለች። ልዩነቱን ለማወቅ ጊዜው የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ድርጭት ክንፏን እያርገበገበች ቀጥ ብላ ርቃ ትሄዳለች። ፍላፍቴይል ግን ስትነሳ እግሯን ወደ ታች አንጠልጥላ፣ ክንፏ የሚከብዳት መስላ፣ ከሣሩ ጫፍ ብዙ ከፍ ሳትል ትፍጨረጨራለች። የክንፏ የኋላ ጠርዝ ነጭ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ወድቃ ትገባለች። አንዴ ከገባች ቦታው ድረስ ሮጠው ቢደርሱም አያገኟትም። ያረፈችበትን ነጥብ ትታ በሣሩ ሥር ስትሮጥ ሄዳለች።

ታዲያ ተመራማሪዎች እንዴት ያዩዋታል? ለዘመናት የነበረው መንገድ ገመድ ነው። ሁለት ሰዎች ረጅም ገመድ ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ በገመዱ ላይ ጠጠር የተጨመረባቸው ጣሳዎች ወይም ክብደት ያላቸው ነገሮች አስረው፣ ረግረጉን ከዳር እስከ ዳር እየጎተቱ ይሄዳሉ። ከኋላ የሚከተሉት ዓይናቸውን ከገመዱ ፊት አይነቅሉም። ወፏ ገመዱ እላይዋ እስኪደርስ ትሮጣለች፤ መሸሻ ስታጣ ብድግ ትላለች። በዚህ ዘዴ ስንት እንዳሉ ተቆጥሯል፤ የሚወዱት የሣር ዓይነት ተለይቷል። ሳይንሱ ለገመዱ ብዙ ዕዳ አለበት። ግን ገመዱ የሚያልፈው በጎጆም ላይ ነው፤ የጎታቾቹ እግርም የሚረግጠው ጫጩት የተደበቀበትን ቄጤማ ነው። በቁጥር ጥቂት በሆነች ወፍ ላይ፣ በምትራባባቸው ጥቂት ሳምንታት፣ ሰው «አየኋት» ለማለት ብቻ ገመድ ማስጎተቱ ለኔ ነውር ነው። በጥናት ፈቃድና በጥንቃቄ የሚደረገው ሌላ ነው። ለአንድ ፎቶግራፍ ሲባል የሚደረገው ግን ከብት ከመልቀቅ በምን ይለያል? ገበሬውን ጥጃህን አስር ብሎ፣ የከተማውን ሰው ግን በገመድ ግባ ማለት አይሆንም።

ደግነቱ ገመዱ ዛሬ ተወዳዳሪ መጥቶበታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ባለው በሚድልፑንት ረግረግ፣ የበርድላይፍ ደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በሣሩ ሥር፣ በወፏ ቁመት ልክ፣ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚያነሱ ካሜራዎችን ተከሉ። ሰው አይገባም፣ ገመድ አይጎተትም፤ ካሜራው ለሳምንታት ብቻውን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሜራዎቹ ማንም ያልጠበቀውን አሳዩ፤ ጫጩቶች! እስከዚያ ቀን ድረስ የታወቀው ወፏ የምትራባው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ፣ ደቡብ አፍሪካ የምትሄደው ደግሞ ለመክረም እንደሆነ ነበር። እዚያም ትፈለፍላለች ማለት መጽሐፉን እንደገና መጻፍ ነው።

ድምፅዋም የታወቀው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት በመጻሕፍት ተጽፎ የኖረው ጥልቅ ጉም-ጉም የሚል ጥሪ፣ ከሩቅ ከሚሰማው የባለ ዘውዱ ክሬን ድምፅ ጋር እጅግ ይመሳሰል ስለነበር ሲያከራክር ኖሯል። ካሜራው ወፏን እየጮኸች ሲቀርጻት ክርክሩ መሬት ያዘ። ድምፅ ከታወቀ ደግሞ ፍለጋው ይቀላል። ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ከረግረጉ ዳር ባለ ግንድ ላይ አስሮ ሌሊቱን ማሳደርና በማግስቱ ማዳመጥ ይቻላል። በሁለቱም አገር ሰው ያልደረሰባቸው ረግረጎች ብዙ ናቸው፤ የኛ ደጋ ብቻውን ስንት እርጥብ ሜዳ አለው! በገመድ ሲሆን ዓመታት የሚፈጀው በመቅረጫ በአንድ ክረምት ሊዳሰስ ይችላል።

የጫጩቶቹ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ጥሎ ሄዷል። የሁለቱ አገር ወፎች በዘር ቅንጣት ሲመረመሩ እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ እየተመላለሱ የሚኖሩ አንድ ሕዝብ መሆናቸውን ሊያሳይ ይችላል። በርጋ ላይ የሚታዩት ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት መሆኑም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ግን ከእግር ሥር ተነስታ አሥር እርምጃ የማትሞላ ወፍ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ትበራለች ወይ? የሚገርመው ነገር የቤተሰቡ ጠባይ እንደዚያ ነው። የውሃ ዶሮ ወገኖች ቀን ቀን ሰነፍ በራሪ ናቸው፤ ሌሊት ግን ብዙዎቹ አህጉር ያቋርጣሉ። በሌላ በኩል ሁለቱም ወገን በየአገሩ የሚራባ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱን ዝናብ ተከትሎ በቅርብ የሚንከራተት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈታው ከወፏ ጀርባ ላይ የሚቀመጥ መከታተያ ነው፤ ለእንዲህ ያለች ቀላል ወፍ የሚሆን፣ ደግሞም በደህና የሚያስይዝ መንገድ መገኘት አለበት።

ሱሉልታን እንደገና ላንሳ፤ አዲስ አበቤ ሳያውቀው ከዚህች ወፍ ጋር የተሳሰረው በዚያ በኩል ነውና። የሱሉልታ ድርቆሽ ለዘመናት የከተማዋን ላሞች የመገበ ነው፤ ወተታችን በከፊል ከዚያ ሜዳ ነው። ድርቆሹ የሚታጨደው ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ወፏ ከሄደች በኋላ ስለሆነ፣ ሣርን ለሽያጭ የሚያሳድግ ገበሬ ሳያስበው ጠባቂዋ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የሜዳው ብዙ ክፍል ፋብሪካ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት ሆኗል። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ቶሎ ይወርዳል። ሣር ይሸጥ የነበረው መሬት ራሱ ሲሸጥ ወፏን የሚያስጠልል ጥቅም አብሮ ሄደ። ስለዚህ የበርጋ ገበሬ ሣሩን በጥሩ ዋጋ መሸጡ ከማንኛውም ማስታወቂያና አጥር ይበልጥ ይጠቅማታል ባይ ነኝ።

ለመሄድ የሚያስብ ካለ፣ ጊዜው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜ ነው። ከአዲስ አበባ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ቢነሱ ማለዳውን ይደርሱበታል። ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና አቅራቢ መነጽር ያስፈልጋል። አስቀድሞ የአካባቢውን የወፍ ወዳጆች ቡድን ማናገርና ከነሱ ሰው ይዞ መሄድ ወግ ነው፤ ለድካማቸውም መክፈል። ወደ እርጥቡ መሐል አይገባም። ከዳር ቆሞ ግን ሰማያዊ ክንፉን ሲያነሳ የሚያምረው የኢትዮጵያ ዝይ፣ አንገቱ ሥር ብርቱካንማ ቀለም ያለው የሀበሻ ሎንግክሎው፣ ያችው ደፋሯ ሩዤ ሬይል ይታያሉ። አስጎብኚው ከመኪናው ኋላ ጣሳ የታሰረበት ገመድ ካወጣ ግን ሒሳቡን ሰጥቶ ወደ አዲስ ዓለም መመለስና እዚያ ትኩስ ሻይ መጠጣት ይሻላል።